ብቻውን የሚፈርም መሐንዲስ፦ የሙያ ማኅበር ለምን ያስፈልገናል?

ምሰሶ (የስትራክቸር መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ)፦

ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ በዚህ የመሐንዲሶች የውይይት መድረክ ስንገናኝ የምናነሣው ብዙ ጊዜ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሙያ ፈቃድ ደረጃና ስለ ሶፍትዌር ነው። ዛሬ ስለ ሙያ ማኅበር እንድንወያይ የፈለግሁት፣ ሰሞኑን አንድ ወጣት ባልደረባዬ «ማኅበር ገብቼ ምን አገኛለሁ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አጥጋቢ መልስ ሳልሰጠው በመለያየታችን ነው። ጥያቄው ሲከነክነኝ ሰነበተና መልሱን ከራሴ ሕይወት ውስጥ አገኘሁት።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት የአንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ተጠሪ መሐንዲስ ሆኜ ተመድቤ ነበር። የሦስተኛው ፎቅ ምሰሶዎች የ28 ቀን የኩብ ፍተሻ ውጤት፣ ማለትም ከአርማታው ተወስዶ በ28ኛው ቀን የሚፈተሸው ናሙና ጥንካሬ፣ በዲዛይኑ ከተጠየቀው በታች ሆኖ መጣ። ባለቤቱ የባንክ ወለድ እየቆጠረበት ስለነበር የሚቀጥለው ሶሌታ (የወለል አርማታ) በዚያው ሳምንት እንዲሞላ ይወተውታል፤ ተቋራጩ ናሙናው በአያያዝ ጉድለት ተበላሽቶ ነው እንጂ አርማታው ጤነኛ ነው ይላል፤ የመደበኝ ቢሮ ኃላፊ ደግሞ በስልክ «አንተ ካልፈረምክ የሚፈርም ሰው እንልካለን» አለኝ። አልፈረምኩም። በአሥረኛው ቀን በቦታዬ ሌላ ሰው ገባ፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ ከመሥሪያ ቤቱ ወጣሁ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሥራውን ማጣቴ አይደለም። ያን ጊዜ የማውቀው ሁለት መንገድ ብቻ ነበር፤ መፈረም ወይም አለመፈረም። ምሰሶዎቹን በሽሚት ሀመር፣ አርማታውን ሳይሰብር ጥንካሬውን በሚገምት መሣሪያ፣ ፈትሾ ውጤቱን ጤነኛ ከሆኑት ጋር ማነጻጸር፣ ከዚያ ኮር፣ ማለትም ከራሱ ከምሰሶው የሚወጣ ክብ ናሙና፣ ቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ መላክ፣ በተገኘው ጥንካሬ ስሌቱን እንደ አዲስ መሥራት፣ ካነሰም ምሰሶውን በተጨማሪ ፌሮና አርማታ አልብሶ ማጠናከር እንደሚቻል በተግባር ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል የነገረኝ ከዓመታት በኋላ በአንድ የሙያ ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ በሻይ ዕረፍት ሰዓት አጠገቤ የቆመ አዛውንት መሐንዲስ ነው። ታሪኬን ከሰማ በኋላ «‹አይሆንም› ከምትላቸው የአምስት ቀን ፍተሻ ብትጠይቃቸው ኖሮ ምናልባት እሺ ይሉህ ነበር» አለኝ። ያን ሰው በጊዜው አውቄው ቢሆን ኖሮ እነዚያ ምሰሶዎች ተፈትሸው ይሆን ነበር። ዛሬም በዚያ ሕንፃ አጠገብ ሳልፍ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ሳልመለከት አላልፍም።

መንግሥት የሙያ ፈቃድ ይሰጠናል፤ ፈቃዱ ግን ይህ ሰው ይህን ሥራ ለመሥራት ብቁ ነው ይላል እንጂ በጨነቀን ሰዓት ማንን እንደምንጠይቅ አይነግረንም። ቀጣሪያችንም የራሱ ጥቅም ስላለው በእንዲህ ያለ ሰዓት ሁልጊዜ ከጎናችን አይቆምም። የቀረው የሙያ ባልደረባ ነው፤ ማኅበር ደግሞ የሙያ ባልደረቦች የሚገኙበት ቦታ ነው።

ማኅበር የጡረተኞች መሰብሰቢያ ነው የሚሉ ወጣቶች ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። የብሪታንያ የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ1818 የተመሠረተው ለንደን ውስጥ፣ በፍሊት ጎዳና በነበረ አንድ ቡና ቤት በተሰበሰቡ ጥቂት ወጣት መሐንዲሶች ነው። ዕውቅና ያላቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ማኅበሩም መጀመሪያ ላይ ብዙ አልተራመደም። በ1820 በድልድይና በመንገድ ሥራ ስሙ የገነነውን ቶማስ ቴልፎርድን ፕሬዚዳንት እንዲሆንላቸው ጠየቁት፤ እሱም እሺ አለ፤ በ1828 የንጉሡን ቻርተር አገኙ። ሽማግሌውን ፈልገው ያመጡት ወጣቶቹ ናቸው።

በአገራችንም የሲቪል፣ የሜካኒካል፣ የኤሌክትሪክና የኬሚካል መሐንዲሶች እንዲሁም የአርክቴክቶች ማኅበራት አሉ። አባል የሆናችሁም ያልሆናችሁም ሐሳባችሁን እንድታካፍሉን እጠይቃለሁ።

ሳይት ላይ ያለሁ (ሲቪል መሐንዲስ፣ ሐዋሳ)፦

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ የኩቡ ታሪክ በየሳይቱ ያለ ነውና ልቤን ነክቶታል። ቢሆንም የማያሳምነኝን ነገር በግልጽ ልናገር።

ከተመረቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ሳይት ላይ ነኝ፤ አርማታ በሚሞላበት ቀን ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ የምገባበት ጊዜ አለ። ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለምግብ ከዋለ በኋላ የሚተርፈኝ ጥቂት ነው። እንዲህ ላለ ሰው ዋና ከተማ ውስጥ የሚደረግ ስብሰባ ሩቅ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ በአንድ የሙያ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር፤ ሁለት ሰዓት የፈጀው የመክፈቻ ንግግር ነበር፤ ጥያቄ ለመጠየቅ እጄን ባወጣም ዕድል ሳላገኝ ሰዓቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም።

የእርስዎን ችግር የፈታው ማኅበሩ ነው ወይስ በሻይ ሰዓት ያገኙት ሰው? ያ ሰው ለቅሶ ቤትም ሊገኝ ይችል ነበር። እኛ ዛሬ በስልካችን በምንገናኝበት ቡድን ውስጥ ፎቶ አንሥተን ብንልክ በአሥር ደቂቃ ሃያ መልስ እናገኛለን። እንግዲህ መዋጮ ከፍዬ አባል መሆኔ ምን ይጨምርልኛል?

ቦይለር (ሜካኒካል መሐንዲስ፣ ኮምቦልቻ)፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። የሃያ ሰው መልስ በአሥር ደቂቃ ማግኘት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሃያው መልስ ሃያ ዓይነት ሲሆን የትኛውን ይዘህ ትፈርማለህ? ማኅበር ከስልክ ቡድን የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የተለያየውን ሐሳብ አከራክሮ፣ መርምሮና ጽፎ አንድ ያደርገዋል፤ ላወጣውም ጽሑፍ ኃላፊነት ይወስዳል።

የምሠራው ውኃ አፍልቶ እንፋሎት ከሚያመነጨው ከቦይለር ጋር ስለሆነ የማውቀውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1905 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ብሮክተን በምትባል ከተማ በሚገኝ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ አንድ አሮጌ ቦይለር ፈነዳ። ቦይለሩ ወለልና ጣሪያ በስቶ ወጣ፤ ሕንፃው ተደርምሶ በእሳት ተያያዘ፤ 58 ሰዎች ሞቱ። ቦይለር መፈንዳቱ ያን ጊዜ ብርቅ አልነበረም። ማሳቹሴትስ በ1907 የቦይለር ሕግ አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉ፤ ይሁን እንጂ የአንዱ ደንብ ከሌላው ስለማይገጥም ለአንዱ ግዛት የተሠራ ቦይለር ለሌላው አይሸጥም ነበር። ይህን ቋጠሮ የፈታው መንግሥት አልነበረም፤ ነጋዴም አልነበረም። በ1880 የተመሠረተው የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በ1911 ኮሚቴ አቋቁሞ፣ አምራቹንም ተጠቃሚውንም መድን ሰጪውንም አዳምጦ፣ የ1914 የቦይለር ኮድ ተብሎ የሚታወቀውን ደንብ አዘጋጀ። የቆርቆሮው ውፍረት፣ የመጋጠሚያው ጥንካሬ፣ የሴፍቲ ቫልቩ መጠን፣ የውኃ ግፊት ፍተሻው ሁሉ በዚያ ተጻፈ። ያ ኮድ እየታደሰ ዛሬም ይሠራበታል።

እኔ በምሠራበት ፋብሪካ ያለው ቦይለር ላይ የዚያ ማኅበር ማኅተም የተመታበት የብረት ሰሌዳ አለ። ጠዋት ጠዋት ሴፍቲ ቫልቩን ስፈትሽ ያን ሰሌዳ አየዋለሁ። ኮድ የሚጽፉት የኮሚቴ አባላት ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈላቸው አልነበሩም፤ ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ተሰብስበው የጻፉት ደንብ ኮምቦልቻ ላይ የእኔን ሕይወት ይጠብቃል። እንግዲህ እኔስ ለሚመጣው ሰው ምን ልጻፍ ብዬ እጠይቃለሁ። አባል የሆንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሽቦ (የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ ካሊፎርኒያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጋሼ ምሰሶ «ካልፈረምክ የሚፈርም እንልካለን» ተብዬ ነበር ያሉት ነገር ባቡር በተሳፈርኩ ቁጥር የማስታውሰውን ታሪክ አነሣብኝ።

የምኖረው በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ አካባቢ ነው። ባርት የሚባለው ባቡራችን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ በአውቶማቲክ መቆጣጠሪያ እንዲነዳ ታስቦ ነበር። በፕሮጀክቱ ውስጥ የሚሠሩ ሦስት መሐንዲሶች፣ ሆልገር ሆርትስቫንግ፣ ሮበርት ብሩደርና ማክስ ብላንከንዚ፣ የመቆጣጠሪያው ሥርዓት በቂ ፍተሻ ሳይደረግለት ሥራ ሊጀምር ነው ብለው ሠጉ። ለአለቆቻቸው በቃልም በማስታወሻም አመለከቱ፤ ሰሚ አላገኙም። በመጨረሻ ጉዳዩን ለአንድ የቦርድ አባል አደረሱ። በመጋቢት 1972 ሦስቱም ከሥራ ተባረሩ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን፣ አገልግሎቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ አንድ ባቡር ፍሪሞንት ጣቢያ ሲደርስ መቆም ሲገባው ሳይቆም ከሐዲዱ መጨረሻ አልፎ ወጣ። ምክንያቱ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለች ክሪስታል የምትባል አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መበላሸቷ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም፤ የቆሰሉ ግን ነበሩ።

መሐንዲሶቹ ከሰሱ። በዚህ ጊዜ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም፣ አይ.ትሪፕል.ኢ. የምንለው ማለት ነው፣ ተከራካሪ ሳይሆን በጉዳዩ ላይ ለፍርድ ቤቱ የሕግ አስተያየት አቀረበ። ያቀረበው ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር፣ መሐንዲስ የሕዝብን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ይህ ግዴታ በቅጥር ውሉ ውስጥ ባይጻፍም እንዳለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ግዴታውን በመወጣቱ ሊባረር አይገባም የሚል ነው። ክርክሩ ከፍርድ በፊት በስምምነት ስላለቀ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አላየንም። ሦስቱም ከዚያ በኋላ ሥራ ለማግኘት ተቸግረዋል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ማኅበሩ በ1978 ለሕዝብ ጥቅም ለተደረገ አገልግሎት ያዘጋጀውን ሽልማት ሰጣቸው።

አንድ መሐንዲስ «አደጋ አለ» ሲል ቀጣሪው የማይታዘዝ ሠራተኛ ሊለው ይችላል። ብዙ ሺህ አባላት ያሉት ማኅበር የሥነ ምግባር ደንቡን ይዞ «ይህ ሰው ያደረገው ሙያው የሚያዘውን ነው» ሲል ግን ነገሩ የአንድ ሰው አመል መሆኑ ይቀራል። እኔ የአባልነት ክፍያዬን ስከፍል የምገዛው መጽሔት ወይም ቅናሽ አይደለም፤ ለማላውቀው ባልደረባዬ ጠበቃ የማቆም ያህል ይሰማኛል።

ስለ ክፍያው ለሐዋሳው ወንድሜ አንድ ጠቃሚ ነገር፦ አንዳንድ ዓለም አቀፍ ማኅበራት ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ለሚኖሩ አባላት ቅናሽ አላቸው፤ የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ደግሞ ተማሪዎችን ያለ ክፍያ ይመዘግባል። ከመወሰንህ በፊት ጠይቅ።

ሳይት ላይ ያለሁ፦

እህቴ፣ አመሰግናለሁ፤ ይህን ታሪክ አላውቀውም ነበር። ቢሆንም የነገርሽኝ በገንዘብም በጠበቃም የበለጸገ ማኅበር ነው። እኔ ነገ በሐዋሳ «አልፈርምም» ብዬ ብባረር ለእኔ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ማን ነው? ማኅበራችን ይህን ሲያደርግ ያላየ ሰው መዋጮ እንዲከፍል መጠየቅ ይከብዳል። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ በእውነት ማወቅ ስለምፈልግ ነው።

ምሰሶ፦

ልጄ፣ እውነትህን ነው፤ በዚህ በኩል ገና ብዙ ይቀረናል፤ አለ ብዬ ላታልልህ አልፈልግም። ነገር ግን እድርን አስብ። እድር ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት የሚኖረው ሞት ከመምጣቱ አስቀድሞ ሰዎች በየወሩ ስላዋጡ ነው። «መጀመሪያ ድንኳኑን ልይና ልግባ» የሚል ሰው ቢበዛ ኖሮ ድንኳን የሚባል ነገር በየሰፈሩ አይኖርም ነበር። ማኅበራችን ጠበቃ የሌለው ወጣቶቹ ስላልገቡበት፣ የገባነውም መዋጮ ከመክፈል አልፈን ስላልጠየቅነው ነው። የእኔ ትውልድ በዚህ ጥፋት አለበት። ስብሰባውን በንግግር ሞልተን የእናንተን እጅ ሳናይ ማለፋችንም ጥፋት ነው፤ ይህንንም እቀበላለሁ።

ጥርጊያ (የመንገድ መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር)፦

የካናዳ መሐንዲሶች በትንሿ ጣታቸው ላይ የብረት ቀለበት እንደሚያደርጉና ቀለበቱም ከወደቀ ድልድይ ብረት እንደተሠራ ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ማኅበርና ቃል ኪዳን ሲነሣ ትዝ ስላለኝ ነው።

ወንዝ ማዶ (የድልድይ መሐንዲስ፣ ቶሮንቶ)፦

ወንድም ጥርጊያ፣ ቀለበቱ እውነት ነው፤ እኔም በምጽፍበት እጄ ትንሿ ጣት ላይ አድርጌዋለሁ። ከወደቀው ድልድይ ብረት ተሠራ የሚባለው ግን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አፈ ታሪክ ነው። ድልድዩ ግን በእርግጥ ወድቋል፤ ታሪኩም ከዚህ ውይይት ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ በጥቂቱ ላብራራው።

በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ ይሠራ የነበረው የኩቤክ ድልድይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1907 ወድቆ 75 ሠራተኞች ሞቱ። ከእነዚህ 33ቱ ከካናዋኬ መንደር የመጡ የሞሐውክ ተወላጆች ነበሩ። በሁለቱ ዋና ምሰሶዎች መካከል ያለው የድልድዩ ርዝመት ከ1,600 ጫማ ወደ 1,800 ጫማ፣ ማለትም ወደ 549 ሜትር ገደማ ከፍ ሲል የራሱ የድልድዩ ክብደት በአግባቡ እንደገና አልተሰላም ነበር። አማካሪው ቴዎዶር ኩፐር በዘመኑ ከታላላቆቹ የድልድይ መሐንዲሶች የሚቆጠር ሰው ነው፤ ነገር ግን ዕድሜው የገፋና ጤናው የደከመ ስለነበር ሥራውን የሚከታተለው ከኒው ዮርክ ሆኖ ነበር። ሥራው ላይ ያለው የእሱ ወኪል ኖርማን ማክሉር የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ማክሉር የታችኞቹ የብረት አካላት እየጎበጡ መሄዳቸውን አየ፤ ለካ፤ ጻፈ፤ በመጨረሻ ራሱ ተነሥቶ ኒው ዮርክ ድረስ ሄደ። ኩፐር ተጨማሪ ክብደት እንዳይጫን ቴሌግራም ላከ፤ ቴሌግራሙ የሄደው ግን ፔንሲልቬንያ ወዳለው ብረት ሠሪ ድርጅት እንጂ ወደ ድልድዩ አልነበረም። በዚያው ዕለት ማምሻውን ድልድዩ ወደቀ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ስለ ማክሉር ነው። አደጋውን አይቶታል። የሚጠይቀው ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ያም ሰው የሚገኘው በባቡር ተሳፍሮ ነው። ሥራውን እንዲያቆም የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም፤ በራሱ ማየት እንዲተማመን የሚያደርገው ሌላ ባልደረባም አጠገቡ አልነበረም። የመካከለኛው ክፍል በ1916 ሲነሣ እንደገና ወድቆ 13 ሰዎች ሞቱ፤ ድልድዩ የተጠናቀቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1922 በሞንትሪያል በተደረገ የካናዳ መሐንዲሶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ኸርበርት ሆልቴን የሚባሉ ፕሮፌሰር ለወጣት መሐንዲሶች የቃል ኪዳን ሥርዓት እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረቡ። የመጀመሪያው ሥርዓት በ1925 ተፈጸመ። ቀለበቱን የሚያጠልቁልህ ከአንተ በፊት ቃል የገቡ መሐንዲሶች ናቸው። እኔ ቀለበቴን በተቀበልኩ ቀን አጠገቤ የቆሙት መሐንዲስ ስማቸውንና ስልካቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፤ እስከ ዛሬ በከበደኝ ጊዜ የምደውለው ለእሳቸው ነው።

መምህርት (የስትራክቸር አስተማሪ)፦

ውይይቱን ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ። እኔ የምጨምረው ከስሕተት ስለ መማር ነው፤ በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ስለሆነ ነው።

ሕንፃ ወይም ግንብ ሲወድቅ ዜናውን እንሰማለን፤ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ ማን እንደታሰረ እንሰማለን። ፌሮው በስንት ሴንቲ ሜትር እንደታሠረ፣ ካሳፎርማው (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) መቼ እንደተፈታ፣ ስሌቱ የትኛውን ጭነት እንደረሳ ግን እኛ መሐንዲሶች አንብበን የምንማርበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። ድርጅቱ ስሙን ለመጠበቅ ይደብቀዋል፤ ፖሊስ የሚፈልገው ጥፋተኛውን ነው። ምክንያቱን ፈልጎ ለሁላችን ማካፈልን ሥራዬ ብሎ ሊይዝ የሚችለው የሙያ ማኅበር ነው።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማስተምረው አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 በካንሳስ ሲቲ፣ በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተንጠለጠሉ ሁለት መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱም መተላለፊያዎች፣ የአራተኛው ፎቅና ከሥሩ ያለው የሁለተኛው ፎቅ፣ ከጣሪያው በወረደ አንድ ወጥ ዘንግ ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። ረጅሙን ዘንግ በሙሉ ጥርስ ማውጣት አስቸጋሪ ስለነበር ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ዘንግ ከጣሪያ እስከ አራተኛው ፎቅ፣ ሌላው ከአራተኛው ፎቅ እስከ ሁለተኛው። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች። ነገር ግን በመጀመሪያው ንድፍ የአራተኛው ፎቅ መጋጠሚያ የሚሸከመው የራሱን ጭነት ብቻ ሲሆን ከለውጡ በኋላ የታችኛውም ተንጠልጥሎበት ጭነቱ እጥፍ ሆነ። በገመድ የተንጠለጠሉ ሁለት ሰዎችን አስቡ፤ ሁለቱም ገመዱን ቢይዙ አንድ ነገር ነው፤ የታችኛው የላይኛውን እግር ቢይዝ ግን የላይኛው እጅ የሁለቱንም ክብደት ይሸከማል። ያን ለውጥ ማንም አላሰላውም፤ ሥዕሉ ላይ ግን የመሐንዲሱ ማኅተም ነበረበት።

መሐንዲሶቹ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ለእኔ ከቅጣቱ የሚበልጠው ቀጥሎ የሆነው ነው። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የግንባታ ውድቀቶችን የሚያጠና ክፍል አቋቁሞ ከ1987 ጀምሮ ለዚሁ የተለየ የጥናት መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ካንሳስ ሲቲ የወደቀውን ነገር አዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ሆኜ በዝርዝር ማስተማር የቻልኩት ጽፈው ስላስቀመጡልኝ ነው።

ሌላው የኮድ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን የተማርነው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የአገራችን የሕንፃ ኮድ፣ ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. በምንለው ነው። የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ኮድ ከአውሮፓ ኮዶች ጋር ተጣጥሞ ሲወጣ የመሬት መንቀጥቀጡ ስሌት በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ በሚጠበቅ መንቀጥቀጥ መሠራቱ ቀርቶ በ475 ዓመት አንድ ጊዜ በሚጠበቅ፣ ማለትም በበረታ መንቀጥቀጥ ሆነ። ይህ የገጽ ለውጥ አይደለም፤ የምሰሶውን መጠን፣ ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚይዘውን የስታፋውን ርቀት፣ የመጋጠሚያውን አሠራር የሚለውጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ብዙ ባልደረቦች በድንጋጤ ኮዱን ማንበብ ጀመሩ። እኔና ሰባት ባልደረቦቼ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየተሰበሰብን አንድ አንድ ምዕራፍ ስናነብ ቆይተን ነበር። ብቻዬን አንብቤው ቢሆን በስሕተት የምረዳቸው አንቀጾች እንደነበሩ አሁን አውቃለሁ። ማኅበር የሚባለው ነገር በትልቅ አዳራሽ ብቻ አይጀምርም፤ ሐዋሳም ላይ ስምንት ሰው አይጠፋም።

ሳይት ላይ ያለሁ፦

መምህርት፣ ስለ ዘንጉ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አሁን ባለሁበት ሳይት የምድር ቤት ምሰሶዎች ንድፍ በ8 ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፌሮ ነው። ባለ 20 ከገበያ ስለጠፋ ተቋራጩ በ12 ባለ 16 ልተካው ብሎ ጠየቀ። ንድፍ አውጪው በስልክ «ቁጥሩ ስለበዛ ችግር የለውም፣ ቀጥሉ» ብሎናል። ፌሮው ታስሯል፤ ስታፋው በሥዕሉ መሠረት በየ150 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከነገ ወዲያ አርማታ ይሞላል። በስልክ ቡድናችን ጠይቄ ነበር፤ ግማሹ «ይበቃል»፣ ግማሹ «አይበቃም» አሉ። ሕንፃው የተነደፈው በአዲሱ ኮድ፣ በመካከለኛ የዳክቲሊቲ ደረጃ፣ ማለትም በመንቀጥቀጥ ጊዜ ድንገት ሳይሰበር የመተጣጠፍ ችሎታ፣ ነው። እስካሁን በጽሑፍ የተሰጠኝ ነገር የለም።

ምሰሶ፦

ልጄ፣ አትሙላ። እስኪ አብረን እናስላው። 8 ባለ 20 ማለት 2,513 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 12 ባለ 16 ደግሞ 2,413 ያህል። አራት በመቶ ገደማ ይጎድላል። ጉድለቱ ምናልባት ስሌቱ ባለው ትርፍ ይሸፈን ይሆናል፤ ይህን የሚያውቀው ስሌቱን የያዘው ንድፍ አውጪ ስለሆነ በጽሑፍ ሊነግርህ ይገባል። ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ስታፋው ነው። በጠቀስከው የዳክቲሊቲ ደረጃ በምሰሶው ጫፎች ላይ፣ ወሳኝ በሚባለው ክፍል፣ የስታፋው ርቀት ከዋናው ፌሮ ውፍረት ስምንት እጥፍ መብለጥ የለበትም። ለባለ 20 ይህ 160 ነው፤ ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ያለው 150 ትክክል ነበር። ለባለ 16 ግን 128 ይሆናል። ፌሮው ሲቀየር ስታፋው አብሮ መቀየር ነበረበት፤ በስልክ የተሰጠው ፈቃድ ይህን ረስቶታል። አራት ተጨማሪ ፌሮዎችስ በስታፋ ወይም በመንጠቆ ተይዘዋል? እሱንም እይ።

«አልፈርምም» አትበላቸው። ስታፋው እንዲታረም ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅ ከፎርማኑ ጋር ቆጥረህ፣ ከጥያቄው ጋር አብረህ አቅርበው። ሥዕሉን ለእኔም ለመምህርትም ላክልን፤ ዛሬ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ሁለታችንም እናየዋለን።

መምህርት፦

ሥዕሉ ደርሶኛል። የምሰሶው ስፋት በሁለቱም በኩል 400 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስታፋው ባቀፈው አርማታ ግማሽ ስፋት የሚወጣው ሌላው የስታፋ ርቀት ገደብ አያስቸግርም፤ የሚገዛው ጋሼ ያሉት 128 ነው። በየ125 ይሁን። የመሐል ፌሮዎቹ በመንጠቆ መያዝ አለባቸው።

ሳይት ላይ ያለሁ፦

ለንድፍ አውጪው ከነስሌቱ በጽሑፍ ላክሁለት፤ ከሰዓት በኋላ ደውሎ አመሰገነኝና የተስተካከለውን ሥዕል በፊርማው ላከ። በምሰሶዎቹ ጫፎች ስታፋው በየ125፣ ፌሮው ደግሞ 14 ባለ 16 እንዲሆን አዟል። ፎርማኑ አንድ ቀን ተኩል ይበቃኛል አለ፤ ሙሌቱ ወደ ቅዳሜ ተዛውሮ ሳይት መጽሐፉ ላይ ሰፍሯል። ተቋራጩ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ ሥዕሉን ሲያይ ዝም አለ።

ሐዋሳና አካባቢዋ ያላችሁ መሐንዲሶች፣ የ2015ቱን ኮድ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምረን በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንድናነብ እጠይቃለሁ። እስካሁን ሦስት ሰዎች እሺ ብለዋል። ጋሼ፣ የማኅበሩን የአባልነት ቅጽ ቢልኩልኝ ለአራታችንም አባዝቼ እሞላዋለሁ።